በግመል የሄደው የኤል ዲማ ቢሮ

ያን ቀን ጠዋት የኤል ዲማ ቀበሌ መንግሥት ሁለት ግመል ላይ ተጫነ። አንደኛው ላይ ባንዲራው፣ የባንዲራው እንጨት፣ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛና «የሹም ጽሕፈት ቤት» የሚል ዝገት የበላው የቆርቆሮ ሰሌዳ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ቤት ወጣ። ቤት ስልህ ቤት ነው፤ የጎበጡት እንጨቶች፣ ሰሌኑ፣ ቆዳው፣ የወተት ዕቃው፣ ምንም ሳይቀር።

ሞሉ የግመሉን ጎን በጉልበቱ ደግፎ ገመዱን እየሳበ፣ «ሹም፣ መንግሥት እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ድሮ ሰርቄው እጠፋ ነበር» አለ።

«አፍህን ዝጋና ቋጠሮውን አጥብቅ!» አሉ ሹም ጉራቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤል ዲማ የጨልቢ ሜዳ ዳር ያለች የውሃ ጉድጓድ ናት። ከፊቷ ጨው፣ ከኋላዋ እሳት የተፋው ጥቁር ድንጋይ። ቀበሌው ሰፊ ነው፤ ከመስፋቱ የተነሣ ሁለት ሰው መጣላት ቢፈልግ እንኳን መጀመሪያ ተጉዞ መገናኘት አለበት፤ እስኪገናኙ ደግሞ ንዴቱ ይበርዳል። ሰዉ የሚኖረው ዝናብ የጣለበት ነው። በዚያ ሰሞን ዝናቡ የጣለው ከጨልቢ ማዶ፣ ሁሩሌ ኮረብታ ሥር ነበርና ሴቶቹ ቤታቸውን ነቅለው፣ ወንዶቹ ግመላቸውን ነድተው ሄደዋል። የቀሩት የቆርቆሮው ቢሮ፣ አንድ ቤት፣ ሹሙና የቢሮው ዘበኛ ሞሉ ናቸው። ባዶ ሜዳ የሚጠብቅ ዘበኛ!

ታዲያ የሹሙ ሬዲዮ ተንጫጫና አዲሱ የወረዳ አስተዳዳሪ ተናገሩ። ሕዝብ የሌለበት ቢሮ ቢሮ አይደለም አሉ። ሰኞ ሕዝቡ ያለበት እመጣለሁ፤ ሕዝቡ መሀል ጣሪያና ባንዲራ ካገኘሁ ኤል ዲማ ትቀጥላለች፤ ካላገኘሁ ከጎርሳ ጋር ትቀላቀላለች፤ የቀበሌዋ ነርስም የመድኃኒት ሳጥኗን ይዛ ጎርሳ ትገባለች አሉ።

ይሄን ሲሰማ የሞሉ ሳቅ ጠፋ። ጎርሳ ማለት ከጥቁሩ ድንጋይ ወዲያ ነው፤ መኪና ለሌለው ሰው የሌላ ዓለም ያህል ሩቅ ነው። ሚስቱ ዲራሙ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ከሰዉ ጋር ሁሩሌ ሄዳለች፤ ወሯ ገብቷል። የዲራሙ ታላቅ እህት አዲ፣ ለኤል ዲማ ነርስ ሳይመደብ በፊት፣ ምጥ ይዟት በግመል ወደ ጎርሳ ወጥታ ነበር። አልደረሰችም። ስለዚህ ለሞሉ ቀበሌ ማለት ካርታ ላይ ያለ መስመር አይደለም። ነርሷ የምታድርበት ቦታ ነው፤ በቃ።

«እኔ በፍየል ነጋዴዎቹ መኪና ዞሬ ጎርሳ እሄዳለሁ» አሉ ሹም ጉራቻ። «አስተዳዳሪውን መንገድ የሚመራቸው ሰው ያስፈልጋል። አለበለዚያ ያ ሁቃ የራሱን መንደር አዙሮ አሳይቶ ይመልሳቸዋል።» ሁቃ የጎርሳ ሹም ነው፤ የሰው ቀበሌ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ። «አንተ ጨልቢን ቆርጠህ ቢሮውን አድርስ።»

«ብቻዬን?»

«ቤቱ የማን ነው?» አሉ ሹሙ፤ ከንፈራቸው ዳር ሳቅ እየታገላቸው።

እዚያ አገር ቤት የሴት ነው። የምትሠራው እሷ፣ የምትነቅለው እሷ። ባለቤቷ የሌለችበትን ቤት የጫነ ወንድ ሌባ ነው፤ ልትከለው ቢልም ያጋድልበታል። ኤል ዲማ ደግሞ የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ ግመሏ ዳለቻ መውለጃዋ ስለዘገየ ወደኋላ የቀሩት የአንዲት ሴት ቤት።

እኔና አንተ ስማቸውን መጥራት እንችላለን፤ ቦካዮ ይባላሉ። ሞሉ ግን አይችልም። አማቱ ናቸዋ! አማች የአማቱን ስም አይጠራም፣ ዓይናቸውን አያይም፣ ፊታቸው አይበላም፣ ቃል ከአፉ ወደ ጆሯቸው በቀጥታ አይልክም። እስቲ አስበው፤ ይሄ የመምህሩ ቦርሳ ውስጥ ኤሊ ከቶ ከሦስተኛ ክፍል የተባረረ፣ ሲያወራ ፍየል የሚያስዛጋ ልጅ፣ ያንን ሁሉ መንገድ አንዲት ቃል ከማይላቸው ሰው ጋር ሊሄድ ነው።

«ሹም፣ እንዴት አድርገን ነው የምንግባባው?»

«ግመል አለች አይደል?» አሉ ሹም ጉራቻ። ሳቃቸው አመለጣቸውና ቆባቸው ወደቀ። «ደግሞ የአማች ክልከላ እንዲህ የሚጠብቀው ልጅ እስኪወለድ ነው። ከዚያ ይላላል።»

ተነሡ። ሞሉ ጭነቱን እየመራ ከፊት፣ እናት ቦካዮ ዳለቻን እየሳቡ ከኋላ፤ ዳለቻን ደግሞ ገና እግሩ የሚንቀጠቀጥ ግልገሏ ተከተላት። ንፋሱ አብሯቸው ተነሣ። እዚያ አገር ንፋስ እንደ ዘመድ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሲመጣም እጁን ሰብስቦ አይቀመጥም። መጀመሪያ ሽርጣቸውን ገፈፈ፤ ከዚያ አሸዋውን አነሣ፤ ከዚያ ፀሐይዋን ራሷን ዋጣት። ዓለም ቡኒ ሆነ። ሞሉ የያዘው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ግመል እንኳን አልታየው አለ። ቢሆንም ሄደ። ጀግና ነኝ ብሎ ሄደ።

ከኋላው ድምፅ መጣ፤ «ዳለቻ! ለዚያ ልጅ ንገሪው! እየዞረ ነው! ንፋሱ በግራ ጆሮው መግባት ሲገባው በቀኙ እየገባ ነው!»

ሞሉ ቆመ። እውነትም ንፋሱ በቀኝ ጆሮው ነበር። ወደ ኤል ዲማ እየተመለሰ ነበር!

«ዳለቻ፣ ለዲራሙ እናት ንገሪያቸው» ብሎ ጮኸ፣ አፉ አሸዋ እየሞላ። «እኔ አልተመለስኩም፤ መሬቱ ነው የዞረው!»

ከሰሌኑ ኋላ የሆነ ድምፅ ሰማ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየም። ግመሎቹን አንበርክከው፣ ጭነቱን በንፋሱ በኩል አድርገው ተቀመጡ፤ እሳቸው በአንዱ ወገን፣ እሱ በሌላው፣ ግልገሉ መሀል። ንፋሱ ሲደክመው ሞሉ ራሱን ከአሸዋ ውስጥ አውጥቶ ዞር አለ። ራቅ ያለች ድንጋይ ላይ የወተት ዕቃ ተቀምጣለች፤ አሸዋ እንዳይገባባት የሴትዮዋ ነጠላ ተጠምጥሞባታል። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው አድማስ ያያሉ። ሞሉ ሄዶ ጠጣ። ነጠላውን አራገፈና አጥፎ እዚያው ድንጋይ ላይ አኖረው። መቼም «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ስለማይቻል፣ ነጠላ እንደዚያ ቀን ተስተካክሎ ታጥፎ አያውቅም።

ጨልቢ ገቡ። ጨልቢ በደረቁ ጊዜ መኪና የሚጋልብበት ሜዳ ነው፤ ዝናብ ሲቀምስ ግን ላዩ ቅርፊት፣ ውስጡ ገንፎ ይሆናል። ሞሉ ነጩ ያማረውን መሬት አይቶ እግሩን ሊያነሳ ሲል፣

«ዳለቻ፣ ነጩን አትመኚው» አሉ እናት ቦካዮ። «የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ውስጡ ውሃ አለው። ግራጫውን እርገጪ፤ ሳላ የሄደበትን።»

ሞሉ የቀንደ ረጃጅሞቹን ሳላዎች ኮቴ ተከትሎ ግራጫውን ረገጠ። መንገዱ እንደ እባብ ተጠማዘዘ፤ ፀሐይዋ ጨው ላይ እየነጠረች ከታችም ከላይም ትጠብስ ጀመር። ፊት ለፊታቸው ሐይቅ ይታያል፣ ሲጠጉት ይሸሻል፣ እንደገና ይታያል። ግልገሉ ደከመ፤ ጉልበቱ ታጠፈና ወደቀ። ዳለቻ አልሄድም ብላ ራሱ ላይ ቆመች። ሞሉ ግልገሉን አየ፤ ጠረጴዛውን አየ። ጠረጴዛውን ግመሉ ላይ ገልብጦ አሰረው፣ አራት እግሩ ወደ ላይ፤ ግልገሉን አንሥቶ በእግሮቹ መሀል አስቀመጠው።

«ዳለቻ፣ ልጅሽ ተሾመ» አላት። «ሹም ጉራቻ ስንት ዓመት ለፍተው ነው እዚያ ጠረጴዛ ላይ የደረሱት፤ ያንቺው በጥቂት ቀን ደረሰ። ዘመድ አለው መሰለኝ።»

አሁን ሳቅ መሆኑን ለየ። እናት ቦካዮ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጅቦቹ የመጡት በማግስቱ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው። ሞሉና እናት ቦካዮ ጨልቢ መሀል ካለች የአሸዋ ጉብታ ላይ ሰፍረው ነበር። የግልገል ሽታ ለጅብ ግብዣ ነው። ሞሉ ዳለቻ ስታጓራ ባንኖ ሲነሣ ግራጫው ብርሃን ውስጥ ጎባጣ ጀርባዎች ሲዞሩ አየ። ጦሩ የታሰረው ጭነቱ ሥር ነው! እጁ የገባለትን አነሣ፤ የቆርቆሮውን ሰሌዳ። በድንጋይ ይደልቀው ጀመር።

«በመንግሥት ስም!» እያለ ሮጠ። «ተበተኑ! ስብሰባ አልተፈቀደም! ማመልከቻ ያለው በሥራ ሰዓት ይምጣ!»

የቆርቆሮው ጩኸት ሜዳውን ሞላው። አንዱ ጅብ ዘሎ ሸሸ። አንዱ ግን፣ ትልቁ፣ ጆሮው የተቀደደው፣ ወደፊት መጣና ሰሌዳውን ጥርሱ ውስጥ አስገባው። ሞሉ በወዲህ፣ ጅቡ በወዲያ ጎተቱ፤ ለአንድ ቢሮ ሁለት ሹም። ሞሉ በተረከዙ አሸዋውን እየቆፈረ አፍንጫውን በድንጋዩ ሲለው ለቀቀ። ያኔ ነው ሞሉ ዞር ብሎ ያየው። ሦስተኛው ጅብ ከኋላ ዞሮ መሬቱን እየታከከ ወደ እናት ቦካዮ ጀርባ ተጠግቷል፤ እሳቸው ግልገሉን አቅፈው ፊታቸውን ወደዚህ አድርገዋል።

ስማቸው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። መጣና እዚያው ቆመ።

«ዳለቻ!» ብሎ ጮኸ። «ከኋላሽ!»

ግመሏ ንቅንቅ አላለችም። እናት ቦካዮ ግን ተሽከርክረው የባንዲራውን እንጨት አነሡና ጅቡን መንጋጋው ላይ አሳረፉበት። እንዲህ ያለ ምት ከእሳቸው ዕድሜ ይጠበቃል? ጅቡ ተንከባሎ ተነሣና ወደ መጣበት ሮጠ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ሞሉ ቁጭ አለ። ሰሌዳው ላይ «የሹም» ከሚለው ጎን የጥርስ ቀዳዳ ተደርድሯል።

ከፀሐይዋ ጋር ሲነሡ እናት ቦካዮ ዳለቻን ያልባሉ። ሲያልቡ ለግመል ይዘፈናል። የዚያን ጠዋት ግን አልዘፈኑም፤ አወሩ።

«ዳለቻ፣ አዲን ታስታውሻታለሽ አይደል? በእናትሽ ጀርባ ላይ ነው የጫንኳት። ገመዱን እኔ ሳብኩ። እማዬ ደረስን ወይ ትለኛለች፣ ደረስን እላታለሁ። ጥቁሩ ድንጋይ አላልቅ አለ። ኋላ ላይ መጠየቋን ተወች፤ እኔ ግን ደረስን ማለቴን አልተውኩም።» ወተቱ ዕቃው ውስጥ ይንፎለፎላል። «ቤቴን የጫንኩት ለሹሙ እንዳይመስልሽ። ለመንግሥትም አይደለም። አሁን አንዲት ልጅ ነው የቀረችኝ። ለዚያ ልጅ ንገሪው። ሚስቱ ያን መንገድ አትሄድም።»

ሞሉ ጭነቱን እያሰረ ነበር። ቋጠሮውን ፈትቶ እንደገና አሰረው፣ አጥብቆ።

«ዳለቻ» አለ። «ንገሪያቸው። አትሄድም።»

ሁሩሌ ኮረብታ እንደ ተኛ ግመል አድማሱ ላይ ብቅ ባለ ጊዜ የሞተር ብስክሌት ድምፅ መጣ። ሁለት ጎረምሶች ናቸው፤ የጎርሳ ልጆች። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ቀይ ኮፍያ ያደረገ። ግመሎቹን ሁለቴ ዞሯቸውና አቧራ አልብሰዋቸው ቆሙ።

«ኧረ የኤል ዲማ ልዑካን!» አለ ባለ ኮፍያው። «ቢሯችሁ ሽንት ቤቱን የት ረሳው?»

«ለናንተ ብለን ጎርሳ ተውነው» አለ ሞሉ። «ሹማችሁ ሲቀመጥበት አይተን ዙፋን ነው ብለን አከበርነው።»

ረጅሙ ሳቀ፤ ባለ ኮፍያው ግን አልሳቀም። «ሹም ሁቃ ሰላም ብሏችኋል። ቀስ በሉ ብሏል። ሰሌዳ የሌለው ቢሮ ደግሞ ቢሮ አይባልም ብሏል።» ይሄን እያለ ከጭነቱ ላይ ሰሌዳውን መንጭቆ ወሰደው። ሞሉ ዘለለ፤ ሞተሩ አጓራና እጁ አየር ጨበጠ።

ራቅ ብለው ቆመው ሰሌዳውን ያወዛውዙለታል። ሞሉ ደሙ ፈላ። ከዚያ ግን ያ የኤሊው ሰይጣን ጆሮው ውስጥ ሹክ አለው። ፊቱን አሳዘነ።

«ምናለ እሺ፣ ውሰዱት!» ብሎ ጮኸ። «ግን በዚህ በጠመዝማዛው አትመለሱ፤ ጎማችሁን ጨው ይበላዋል። በዚያ በነጩ ሂዱ! አስፋልት ነው!»

ሄዱ። በነጩ ሄዱ። ሞተሩ ትንሽ በረረ፤ ከዚያ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ሞተር የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ጭንቅላትና አንድ ቀይ ኮፍያ ጭቃ ላይ ቀረ። ሞሉ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ሳቀ፣ አነቀው፣ እንደገና ሳቀ። የልጆቹ ጩኸት መጣ፤ መጀመሪያ ስድብ፣ ኋላ ልመና፣ ኋላ ደግሞ «እማዬ» የሚል።

«ዳለቻ» አሉ እናት ቦካዮ፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር። «ያንን ልጅ ጠይቂልኝ። የእነዚያስ እናቶች የት ሆነው ነው የሚጠብቁት?»

ሞሉ ሳቁን ትቶ ተነሣ።

ፀሐይዋን አየ። ሰኞ ነው፤ አስተዳዳሪው ምናልባት ደርሰዋል። ኮረብታው እዚያው ፊት ለፊት ነው። ቆመው ጭነቱን ከፈቱ ቤቱ ይበተናል፣ ቀኑ ይሄዳል። «ዳለቻ፣ ንገሪያቸው፣ ከፈታን እንዘገያለን። ዲራሙ...»

«ንገሪው፤ ዲራሙን ሰው ጭቃ ውስጥ ትቶ ለሚመጣ ባል አልዳርናትም።»

ፈቱት። ሰሌኑን ጭቃው ላይ እያነጠፈ፣ ሞሉ በሆዱ ተሳበ፤ ከፊቱ ጠረጴዛውን እየገፋ፣ ወገቡ ላይ የቤቱን ገመድ ሁሉ ቀጥሎ አስሮ። ጭቃው አገጩን ነካ። ረጅሙን ብብቱ ሥር ገመድ አስገባለት፤ እናት ቦካዮ ወዲያ ማዶ ግመሉን እየመቱ አስጎተቱት። ገመዱ ተወጠረ፣ ተንጣጣ፣ ልጁ እንደ ጥርስ ተነቅሎ ወጣ። ባለ ኮፍያው እስከ አንገቱ ገብቶ ነበር፤ ሞሉ ሲይዘው ሰሌዳውን አልለቀቀም።

«ጣለው አንተ!»

«የናንተ ነው» አለ ልጁ እያለቀሰ። «ውሰደው። የናንተ ነው።»

ሞተሩ እዚያው ቀረ። ልጆቹ በጭቃ ተለውሰው ጭነቱን አብረው ጫኑ፤ እናት ቦካዮ ወተት ሰጧቸው፤ ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ግመሎቹን ከኋላ እየነዱ ተከተሉ። ከሞሉ ጆሮ ውስጥ ግን ያ «እማዬ» የሚለው ጩኸት አልወጣ ብሎ ነበር።

ሁሩሌ ሥር ሣሩ አረንጓዴ ነበር። ቤቶቹ በየቦታው ተተክለዋል፣ ነጭ መኪና ቆሟል፣ ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጧል። ወንበር ላይ ወፍራም ሰውዬ ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ አስተዳዳሪው ኩንዱ ናቸው፤ ከበቆሎ አገር የመጡ፣ ሙቀት ያልለመዱ። መኪናው ውስጥ አስተዳዳሪው ይዘዋት የመጡት የኤል ዲማ ነርስ ታላሶ ሳጥኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ውረጂ ካሏት ትወርዳለች፣ ጎርሳ ካሏት ትሄዳለች። ሁቃ ቆሞ ያወራል።

«ጌታዬ፣ ይሄው እንደሚያዩት፤ ቢሮ የለ፣ ባንዲራ የለ። ይሄ ሕዝብ የኔ ነው፤ እያንዳንዱን አውቀዋለሁ።»

ሹም ጉራቻ አይሰሙትም። ዓይናቸው ጨልቢ ላይ ተተክሏል። ሜዳው ላይ ሐይቁ ይንቀጠቀጣል፤ ሐይቁ ላይ ረጃጅም እግሮች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ ብቅ አሉ። ከዚያ ግመሎች ሆኑ።

«መጣ!» ብለው ዘለሉ ሹሙ፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው። «መንግሥት መጣ!»

ሞሉ ደረሰ። ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ነው፤ ጨው ነጭ አድርጎት ሙት መስሏል። ሰዉ መሀል ዲራሙን ፈለገ፤ የለችም። አንዲት ሴት አስተዳዳሪው እንዳይሰሙ በእጇ ወደ ቤቶቹ አመለከተችው፤ ከዚያም ወደ መኪናው፣ ወደ ነርሷ። ገባው። ምጥ ይዟታል፤ ምጥ ደግሞ እንግዳ ወንድ ፊት አይወራም።

«ይሄ ነው ቢሮው?» አሉ ኩንዱ። «የማን ቤት ነው?»

«የዲራሙ እናት ቤት ነው ጌታዬ።»

«እናት ብቻ? ስም የላትም?»

ሞሉ ዝም አለ። ሁቃ አጨበጨበ።

«አዩልኝ ጌታዬ! ስሟን እንኳን አያውቅም! መንገድ ላይ ካገኛት አሮጊት ነጥቆ ነው። እኔ ልንገርዎት፤ ቦካዮ ናት፣ ቦካዮ! የጎርሳ ዘመድ ናት። ቤቱም የጎርሳ ነው።»

ከሴቶቹ መሀል ጉርምርምታ ተነሣ። ሁቃ የላካቸው ሁለት ጎረምሶች ጭቃቸውን እንደለበሱ አንገታቸውን ደፉ።

«አንተ ልጅ» አሉ ኩንዱ፤ ድምፃቸው ጠነከረ። «አንድ ስም ነው የጠየቅኩህ። ተናገርና ይለቅ።»

ስሙ እንደገና ምላሱ ላይ መጣ። እዚያ ቤት ውስጥ ዲራሙ ጥርሷን ነክሳለች። አንድ ቃል ነው፤ ይላታል፣ ነርሷ ትወርዳለች። ግን ያቺ ሴትዮ በዚያ ሁሉ መንገድ ወተቱን ድንጋይ ላይ እየሸፈኑለት፣ ጅብ ጀርባቸው ላይ ሲመጣ እንኳን ያልጣሰውን ወግ፣ አሁን ሕዝብ ፊት እንዴት ይጥሰው? ጀርባውን ለእናት ቦካዮ ሰጠ። ጭቃ የጠጣውን ሽርጥ ፊቱ ላይ ሳበ።

«ዳለቻ» አለ። «ለጌታው ንገሪያቸው። አልችልም።»

ግመሏ አመነዠገች። ኩንዱ ልጁን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ ሽርጡን አዩ፤ ከዚያ ወዲያ ዞረው የቆሙትን ሴትዮ አዩ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገዋል። የአስተዳዳሪው ትልቅ ሆድ ቀስ እያለ መነቃነቅ ጀመረ።

«ልጄ» አሉ። «እኔ ባለፈው ዓመት አማቴ ስትመጣ አይቼ በቆሎ ማሳ ውስጥ ዘልዬ ስገባ ንብ ነድፎኛል። ያውም ከነ ክራቫቴ። የዘበኛዬ ሳቅ እስከ ዛሬ አላለቀም።» ሰዉ ፈነዳ። ኩንዱ ወደ ሁቃ ዞሩ፤ ሳቁ ፊታቸው ላይ አልነበረም። «አንተ ስሟን እንደ ፍየል ስም ጠራኸው። ያንተ ብትሆን ኖሮ ትንሽ ይከብድህ ነበር። የዚች ሴት ቤት የማን እንደሆነ አሁን አወቅኩ። ስሟን መጥራት የሚከብደው ሰው ነው።»

«ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች ይመስክሩ...» አለ ሁቃ ወደ ጎረምሶቹ እየጠቆመ።

«እኛን አውጥተውናል» አለ ባለ ኮፍያው፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ። «ቤታቸውን ፈተው።»

ሁቃ የጠቆመበትን እጁን አወረደ።

«ነርስ» አሉ ኩንዱ፤ «ሳጥንሽን አውርጂ። ኤል ዲማ እዚህ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማየት ዓይን አይበቃም። ሴቶቹ ጭነቱ ላይ ወረዱ። እንጨቱ ጎበጠ፣ ሰሌኑ ተወረወረ፣ ቆዳው ተወጠረ፤ በሩ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ እናት ቦካዮ መሀል ቆመው ያዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይሳደባሉ። ቤቱ ቀና ሲል ባንዲራውን ሞሉ ደጃፉ ላይ ተከለ፤ እንጨቱ ላይ የጅብ ፀጉር ነበረበት። ሹም ጉራቻ ቆባቸውን አስተካክለው፣ ጠረጴዛቸውን ይዘው፣ ሊገቡ ጎንበስ አሉ። ከውስጥ የእናት ቦካዮ እጅ ወጥቶ ደረታቸውን ገፋ።

«ቢሮው ባለጉዳይ ይዟል» አሉ።

ሴቶቹ ዲራሙን ደግፈው አስገቧት፤ ነርሷ ተከተለች። ሹሙ ጠረጴዛቸውን ደጅ ፀሐይ ላይ ተክለው ተቀመጡ። ኩንዱም ወንበራቸውን ጎትተው አጠገባቸው ሆኑ። ሁቃ መኪና የሚያሳፍረው ሰው ይፈልግ ጀመር። ሞሉ ግን ባንዲራው ሥር ቆመ፤ እንጨቱን ይዞ፣ ሳያወራ። «ምነው፣ አፍህን ጅብ በላው?» አሉት ሹሙ። ከውስጥ የዲራሙ ድምፅ ሲወጣ እንጨቱን ጨበጠ፤ ሲጠፋ የበለጠ ጨበጠ። አንዴ፣ ከሰሌኑ ኋላ፣ የእናት ቦካዮን ድምፅ ሰማ፤ «ደረስን ልጄ» ይላል። «ደረስን። ደረስን።» ሞሉ ግንባሩን እንጨቱ ላይ ደገፈ።

ፀሐይዋ ጨልቢ ላይ ልትወድቅ ስትል፣ ለኤል ዲማ ቢሮ የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ሳታንኳኳ ገባች። ጩኸቷ ኮረብታውን መታ። «አቤቱታ አላት!» አሉ ኩንዱ ብድግ ብለው፤ ሹም ጉራቻ እንባቸውን በቆባቸው ጠረጉ።

በሩ ተገለጠ። እናት ቦካዮ ወጡ፤ በዚያች አሸዋ የከለከለች ነጠላ ውስጥ አንድ ጭብጥ ነገር ጠቅልለው። ሞሉ ልማዱ ሆኖ ጀርባውን ሊሰጥ ዞር ሲል ዳለቻ ራቅ ብላ ግልገሏን ስታጠባ አያት። አስተርጓሚዋ የለችም። ምን ሊሆን ነው?

እናት ቦካዮ ፊታቸውን ወደ ጎን አድርገው ቆሙ። ከዚያ ወደ እቅፋቸው ጎንበስ አሉ።

«አንቺ ሚጢጢ» አሉ፤ «ለአባትሽ ንገሪው። እናትሽ ደህና ናት። ደግሞ ንገሪው፤ ዛሬ ወተቱን ድንጋይ ላይ አይፈልገው። እቤት ነው ያለው።»